አምስት መጽሐፍ ያላነበበ አይመርጥም

የልጆችን መጻሕፍት የሚያወዳድሩ ሽልማቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በአንደኛው ወገን የሚገኙት ዐዋቂዎች በር ዘግተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ለልጅ የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ተከራክረው የሚወስኑባቸው ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ወገን የሚገኙት ደግሞ መጻሕፍቱ የተጻፉላቸው ልጆች ራሳቸው አንብበው፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክት አድርገው፣ ወረቀቱንም አጣጥፈው ኮሮጆ ውስጥ በመክተት አሸናፊውን የሚለዩባቸው ናቸው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት የልጆች ምርጫ ሽልማት ይባላል፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በየራሳቸው ስም ያዘጋጁታል፤ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይም አቻዎች አሉት። አንደኛው ወገን ክብር አለው፤ ሁለተኛው ጫጫታ አለው፤ ለወግ የሚመቸውም ጫጫታው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት የዚህ ዓይነት ሽልማቶች ቀደምት የሆነው በ1940 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሲያትል ከተማ መጻሕፍት ይሸጥ በነበረው በሃሪ ሃርትማን አነሳሽነት፣ በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የተጀመረው ነው። የሐሳቡ አመንጪ የትምህርት ሊቅ ሳይሆን ነጋዴ መሆኑ ብዙም አያስደንቅም፤ መምህር ልጁ ማንበብ የሚገባውን ያውቃል፣ ወላጅ ልጁ ቢያነበው ደስ የሚለውን ያውቃል፣ ልጁ በእርግጥ የሚያነበውን የሚያውቀው ግን ሳንቲሙን የሚቀበለው ባለሱቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈውም ፖል በንያን የተባለውን፣ ሰማያዊ በሬ አስከትሎ ደን የሚመነጥረውን የአሜሪካኖች የተረት ግዙፍ እንጨት ቆራጭ ጀብዱ የሚተርከው የዴል ማኮርሚክ መጽሐፍ ነበር።

በካንሳስ ግዛት ሩት ጋግሊያርዶ በ1952 ያቋቋሙትና የኤምፖሪያ ከተማ ስመ ጥር ጋዜጠኛ በነበረው በዊሊያም አለን ኋይት ስም የተሰየመው ሽልማት የመጀመሪያ አሸናፊውን በ1953 ሲያውጅ፣ ልጆቹ የመረጡት የኤልዛቤት የትስን «ኤመስ ፎርቹን፣ ነፃ ሰው» ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ ከአፍሪካ ተማርኮ በአሜሪካ በባርነት የተሸጠ፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ፣ ቆዳ እያለፋ ባጠራቀመው ገንዘብም ሌሎችን ነፃ ያወጣ የአንድ እውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብሎ የልጆችን ምርጫ ለሚንቅ ሰው ይህ የማይመች መነሻ ነው፤ እነዚያ ልጆች ድምፅ በሰጡበት ወቅት የዚያችው ግዛት ዋና ከተማ የቶፒካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቁሩንና ነጩን ለይተው ያስተምሩ እንደነበርና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለያየቱን የሻረው በ1954 እንደሆነ ሲታሰብማ፣ ቁምጣ የለበሱት መራጮች ካባ የለበሱትን ዳኞች በአንድ ዓመት ቀደሙ ለማለት ይቃጣል። ሆኖም አንድ መጽሐፍ ከመውደድ አንድ ሥርዓት እስከ መሻር ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ድምዳሜ ለምረቃ ቀን ንግግር ማቆየት ይሻላል። በዚያ ላይ ዐዋቂዎቹ ይህንኑ መጽሐፍ በ1951 የኒውቤሪ ሜዳሊያ ሸልመውት ስለነበር፣ ልጆቹ የመጀመሪያ ድምፃቸውን ሲሰጡ ትልልቆቹ ከጠቆሟቸው አቅጣጫ ብዙም አልራቁም።

ኒውቤሪ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ1922 ጀምሮ የሚሰጠው፣ ዐዋቂዎች ብቻ የሚዳኙት ሽልማት ሲሆን፣ የዳኞቹ ውሳኔ ሲታማ ከሚጠቀሱት ዓመታት ዋነኛው ያው 1953 ነው። በዚያ ዓመት ሜዳሊያው ለአን ኖላን ክላርክ «የአንዲስ ምስጢር» ተሰጥቶ፣ የኢ. ቢ. ኋይት «የሻርሎት ድር» በተከታይነት ብቻ ተመዘገበ። «የሻርሎት ድር» አንዲት ሸረሪት በድሯ ላይ ቃላት እየጻፈች ሊታረድ የተቃረበ አሳማ የምታድንበት ታሪክ ነው፤ ይህን መጽሐፍ ያላነበበ የአሜሪካ ልጅ ማግኘት የሚቸግረውን ያህል «የአንዲስ ምስጢር»ን ያነበበ ማግኘት ይቸግራል፤ ስሙን አዘውትረው የሚያነሱትም ዳኞቹን ለማማት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ኋይት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ድምፅ ሳይኖረው የተፈለፈለ ስዋን የተባለ ትልቅ የውኃ ወፍ መለከት መንፋት ተምሮ ኑሮውን የሚያሸንፍበትን መጽሐፍ ይዞ በካንሳስም በኦክላሆማም ልጆች ተመረጠ። የካንሳሱ ሽልማት በስሙ ከተሰየመለት ጋዜጠኛ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ ምርጫው በዝምድና ተሠራ የሚል ቅሬታ የሚነሳበት መንገድ የለም።

የልጆችን ድምፅ ሁሉ በጥልቅ ቁም ነገር ለመተርጎም የተነሳ ተመራማሪ ግን የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ማንበብ ሲቀጥል ትል ያጋጥመዋል። በ1975 የካሊፎርኒያም የሚዙሪም ልጆች የመረጡት የቶማስ ሮክዌል መጽሐፍ በሃምሳ ዶላር ተወራርዶ በአሥራ አምስት ቀን አሥራ አምስት ትል ሊበላ የተነሳ ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ ትሎቹ ይጠበሳሉ፣ ይቀቀላሉ፣ ኬቻፕና ሰናፍጭም ይደረግባቸዋል። (ትል የጾም ይሁን የፍስክ የሚለው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ አልተነሳም፤ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ይፈጅበት ነበር።) ከዚህ በኋላ ሌሊት እየተነሳ የአትክልት ጭማቂ የሚመጥ፣ ቲማቲሙንም እንደ ኖራ አንጽቶ የሚተው ጥንቸል በበርካታ ግዛቶች አሸነፈ። የኦክላሆማው መምህርና ደራሲ ቢል ዋላስ በድመት ስም ስለሚጠራ ውሻ በጻፈው መጽሐፍ በ1983 የቴክሳስንም የኦክላሆማንም ልጆች ድምፅ ካገኘ በኋላ፣ «የንፍጥ ወጥ» የሚል ርእስ የሰጠውን ሌላ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ በቴክሳስ ዳግመኛ ተመረጠ። ይህን ርእስ በዳኝነት ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ባለመነጽሮች ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰብሳቢ ማሰብ ያስቸግራል፤ መጽሐፉ ግን የድመት ግልገሎች ታሪክ እንጂ ርእሱ የሚያስፈራውን ያህል ሆድ የሚያገለብጥ አይደለም። በእንግሊዝም ያለው ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም፤ ሮአልድ ዳል የአገሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሰጡትን የካርኔጊ ሜዳሊያ አንድ ጊዜም ሳያገኝ በ1990 ሲሞት፣ ልጆቹ ግን በ1982 ቢ.ኤፍ.ጂ. የተባለውን ደግ ግዙፍ ሰው መርጠውለት ነበር።

የአሠራሩን ዝርዝር ለማየት የቴክሳስ ብሉቦኔት ሽልማት ጥሩ ናሙና ነው። ስሙን ያገኘው በጸደይ የግዛቲቱን መንገድ ዳርና ሜዳ ሰማያዊ ከሚያለብሰው አበባ ነው፤ በ1979 ተቋቁሞ በ1981 የመጀመሪያውን ሽልማት ለቢቨርሊ ክሊሪ «ራሞና እና አባቷ» ሰጠ፤ ይህም ሥራ የፈታ አባት ያለባት ቤት በልጅ ዓይን የምትታይበት መጽሐፍ ነው። በየዓመቱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ኮሚቴ ዋና ዝርዝር የሚባለውን፣ ማለትም ሃያ እጩ መጻሕፍት የተመዘገቡበትን ሰነድ ያወጣል፤ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችም ከሃያዎቹ ቢያንስ አምስቱን ካነበቡ ወይም ሲነበቡ ካዳመጡ በጃንዋሪ ወር ለአንዱ ብቻ ድምፅ ይሰጣሉ። አምስት ያልሞላለት አይመርጥም።

በምርጫ ሕግ ታሪክ ለመራጭ የንባብ ፈተና መስጠት ክፉ ስም ያተረፈ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችን ከኮሮጆው ለማራቅ ለአሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1965ቱ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ታገደ። የልጆቹ ደንብ ያንኑ መሣሪያ ገልብጦ ይይዘዋል፤ ፈተናው የተቀረጸው መራጭ ለማባረር ሳይሆን መራጭ ለማፍራት በመሆኑ፣ ያላነበበውን ልጅ «አይመለከትህም» አይለውም፣ «አምስተኛውን ጨርስና ና» ይለዋል። ይህ ደንብ በትልልቆቹ ምርጫ ላይ ቢሠራ፣ ማለትም መራጩ የአምስት ፓርቲዎችን ማኒፌስቶ ዳር እስከ ዳር ካላነበበ ካርዱ አይታተምለትም ቢባል፣ በምርጫ ቀን ጎሕ ሳይቀድ የሚያዘው ሰልፍ በእጅጉ እንደሚያጥር አያጠራጥርም፤ ከእጩዎቹም የራሳቸውን ፓርቲ ሰነድ ሳይጨርሱ ከሰልፉ የሚመለሱ አይታጡም።

የደንቡ ምንነት ይህ ሲሆን፣ ደንቡ ራሱ የሚፈተነው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለትና ሦስት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድና ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ እኩል እጩዎች ስለሆኑ፣ የአራተኛ ክፍሉ መራጭ የመጀመሪያ ምዘናውን የሚያካሂደው በውፍረት ነው። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየጨበጠ ይለካል፤ አራት ቀጫጭኖች ያገኛል፤ ዘወር ብሎ ያየው ሰው እንዳለ ካጣራ በኋላ ብብቱ ሥር ይሸጉጣቸዋል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀጭን ያልቅበታል። ያን ጊዜ አንገቱን እያከከ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል፣ አንዱን ወፍራም ገልጦ የፊደሉን ትልቅነት ያያል፣ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ያነባል፣ ይመልሰዋል፤ ከብዙ ማመንታት በኋላ ሽፋኑ ላይ ውሻ ያለበትን ያወጣል። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ይህን ሁሉ እያየች እንዳላየች ትሆናለች፤ ዓመቱን ሙሉ ተስፋዋን የጣለችው በዚህ አምስተኛ መጽሐፍ ላይ ነውና። የተነበቡት መጻሕፍት ስም፣ ቀንና የወላጅ ፊርማ የሚሰፍርበት የንባብ መዝገብ የሚባል ቅጽም አለ፤ በቅጹ ላይ የሚታየው የአንዳንድ ወላጆች ፊርማ በአስደናቂ ሁኔታ የልጅ እጅ ጽሑፍ ይመስላል።

ሽፋን ያለውን ኃይል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፣ ማንበብ የማይችለውም መራጭ እንዲለየው፣ ከእጩው ስም ጎን የመወዳደሪያ ምልክት ይታተማል፤ በልጆቹ ምርጫ ደግሞ ማንበብ ግዴታ ሆኖ ሳለ ምልክቱ ያው ሥራውን ይሠራል። ውሻ፣ ዘንዶና መቃብር ያለበት ሽፋን የቅስቀሳ ሥራውን ገና በመደርደሪያ ላይ ሳለ ይጀምራል፤ መስኮት ተደግፋ የምታስብ ልጅ የተሣለችበት ሽፋን ግን፣ ይዘቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ጠንካራ ቀስቃሽ ያስፈልገዋል። ቀስቃሹ ብዙውን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ራሷ ናት፤ የመጽሐፉን ታሪክ በሁለት ሦስት ደቂቃ አሳጥራ፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቁርጥ አድርጋ «የቀረውን ራሳችሁ ድረሱበት» ትላለች፤ ይህም በሰለጠነ እጅ ሲሠራ የትኛውም የፓርቲ ቃል አቀባይ የማይደርስበት ጥበብ ነው።

ከቅስቀሳ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ የሚቆጠረው በአብላጫ ሥርዓት፣ ማለትም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ግማሽ ባይሞላም በሚያሸንፍበት መንገድ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም ይህን ሥርዓት ከራሳቸው የፓርላማ ምርጫ ያውቁታል። ልጅ ላላነበበው መጽሐፍ ድምፅ ስለማይሰጥ፣ ሃያዎቹ እጩዎች ሁሉ በእኩል ቁጥር አንባቢ ፊት አይቀርቡም። አንድ መምህር ከምሳ በኋላ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ እያነበበ አንድ መጽሐፍ ለሃያ አምስት ተማሪዎች ቢጨርስላቸው፣ ያ መጽሐፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ አምስት ድምፅ ሊሰጡት የሚችሉ ሰዎች አገኘ ማለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ቅጂ ብቻ የገዛው፣ እርሱም አንዲት ልጅ አልጋ ሥር ሦስት ሳምንት የከረመው መጽሐፍ ግን የቱንም ያህል ቢወደድ የሚያገኘው የእርሷን ድምፅ ነው። ስለዚህ የልጆች ምርጫ በሚባለው ውጤት ውስጥ የመምህሩ ጉሮሮና የትምህርት ቤቱ በጀት ድርሻ አላቸው። ዝርዝሩን የሚያወጡትም ዐዋቂዎች መሆናቸው ሲጨመርበት፣ እጩውን ኮሚቴ አቅርቦ ሕዝቡ ከቀረበለት እንዲመርጥ የሚደረግበትን አሠራር ከሌላ ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሆኖም በየዓመቱ የሚታተመውን የልጆች መጽሐፍ ሁሉ የስምንት ዓመት ልጅ አንብቦ ይለየው ማለት ጭካኔ ስለሆነ፣ ኮሚቴውን በዚህ መክሰስ አይገባም፤ ይልቁንም ሃያ እጩ የሚያቀርብ ኮሚቴ በዓለም ላይ ስንት አለ?

በቴክሳስ የሚገኘው ዳላስና አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዱ በመሆኑ፣ ይህ ምርጫ በአማርኛ ተናጋሪ ቤቶችም ይገባል፤ ሲገባም የሥልጣን ተዋረዱን ያናጋል። ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር አባት ቀረጥ ይከፍላል፣ የአገሩን ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ግን ዜግነት ይጠየቃል፤ ስለ ዜግነቱ ማንም ያልጠየቀው የሦስተኛ ክፍል ልጁ ግን ደረቱ ላይ «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ለጥፎ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። አባት እንደ ደንቡ «ለማን ሰጠህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም በተማረው መሠረት «አባዬ፣ ምስጢር ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ምርጫ ምስጢር ነው ሲባል ሰምቶ በልቡ ሳያምን ለኖረ ሰው ይህ መልስ ያስደነግጣል። እናት በበኩሏ ያሳሰባት ሌላ ነው፤ በእርሷ ትምህርት ዘመን ልብ ወለድ ማለት በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ የሚነበብ ነገር ስለነበር፣ ልጇ በጠራራ ፀሐይ፣ በመምህር ትእዛዝ፣ ስለ ውሻና ስለ ጥንቸል አምስት መጽሐፍ ማንበቡን ስታይ «ሒሳብህንስ ሠርተሃል?» ከማለት አትመለስም። ከሃያዎቹ እጩዎች መካከል እርሷ ለልጇ በአማርኛ ልታነብለት የምትችለው የለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የታዘቡት ይኸው ጉድለት «ሞኙ ማሞ» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲያሳትሙ፣ በ2003ም በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ ካነሳሷቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ ምርጫ እንደየጠባያቸው ያካሂዱታል። ፈረንሳዮች በ1988 በሬን ከተማ የጀመሩት የሊሴ (የሁለተኛ ደረጃ) ተማሪዎች የጎንኩር ሽልማት ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ አያቀርብም፤ ለታላቁ የጎንኩር ሽልማት የታጩትን የዐዋቂ ልብ ወለዶች ለወጣቶቹ ሰጥቶ በሁለት ወር ገደማ እንዲጨርሷቸውና ተከራክረው እንዲፈርዱ ያደርጋል፤ ጥንቸልም ትልም የለበትም፣ ክርክር ግን አለበት። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በ1994 የተጀመረው የሲልቨር በርች ሽልማት ደግሞ የካናዳ ደራስያንን ብቻ የሚያጭ ሲሆን፣ የውጤቱ ቀን በቶሮንቶ በዓል ሆኖ ይከበራል፤ በዚያ ቀን ልጆች ለደራስያን የሚያሰሙት ጩኸት በሌላው ዓለም ለእግር ኳስ ተጫዋች የሚሰማው ዓይነት ነው። ለብቻው ተቀምጦ መጻፍ የለመደ ደራሲ በዚያ ጩኸት መካከል መድረክ ላይ ሲወጣ የሚያሳየው የግራ መጋባት ፊት ለራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

የብሉቦኔት መራጭ ከሌላው መራጭ የሚለይበት የመጨረሻ ጠባይ መብቱን የሚያጣው በማደጉ መሆኑ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ሰው ለአቅመ ምርጫ ይደርሳል፣ ከደረሰም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ መራጭ ነው፤ የቴክሳሱ ልጅ ግን ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ከመራጮች መዝገብ ይወጣል፣ 18 ዓመት እስኪሞላውም ሌላ ኮሮጆ አይጠብቀውም። ቤት ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የገባች ታናሽ እህት ካለችው ወደ አማካሪነት ይዛወራል፤ እግሩን ሶፋ ላይ ሰቅሎ፣ በቂ ልምድ እንዳለው ሰው ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣ ከአዲሶቹ ሃያ እጩዎች ለየትኛው ድምፅ ብትሰጥ እንደሚሻል ይነግራታል። እርሷም ከያዘችው መጽሐፍ ቀና ብላ፣ አራተኛዋን እየጨረሰች ስለሆነ ጊዜ የላትምና፣ «አንብበኸዋል?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ሽፋኑን ማየቱን ይነግራታል።